«ኤስፔራር»፤ መጠበቅ ነው ወይስ ተስፋ ማድረግ?

አንድ የእስፓንኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጠን «ኤስፔራር» የሚለውን ግስ ብንፈልግ፣ ከፊቱ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት በተርታ ቆመው እናገኛለን። እነርሱም «ዌይት»፣ «ሆፕ» እና «ኤክስፔክት» ናቸው። ወደ አማርኛ ስንመልሳቸው የመጀመሪያው አንድ ነገር እስኪደርስ መቆየት ወይም መጠበቅ፣ ሁለተኛው ተስፋ ማድረግ፣ ሦስተኛው ደግሞ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ነው። መዝገበ ቃላቱ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ አግብቶ ያልፋል እንጂ የትኛው መቼ እንደሚገባ አይነግረንም።

ይህ ነገር እስፓንኛ የሚማረውን ሰው ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። ከመካከላችን ብዙዎቻችን የላቲን አሜሪካን ልብ ወለድና የእስፓኝን ታሪክ የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ «ኤስፔራር» የሚለው ቃል በተጻፈበት ቦታ ሁሉ፣ ከእኛ በፊት አንድ ተርጓሚ ተቀምጦ ከሦስቱ አንዱን መርጦልናል ማለት ነው። ምርጫውም ቀላል አይደለም። ዝም ብሎ የሚቆይ ሰው፣ ተስፋ የሚያደርግ ሰውና እርግጠኛ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ልባቸው አንድ አይደለምና። ተርጓሚው ቃል የመረጠ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ስለ ሌላ ሰው ልብ መስክሯል።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሦስቱን ትርጉሞች የሚለያቸው መዝገበ ቃላቱ ሳይሆን የዐረፍተ ነገሩ አገባብ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ አገባቡም ጭምር ዝም በሚልበት ቦታ ተርጓሚው የሚሸከመው ኀላፊነት ምን ያህል እንደሆነ ነው። የእስፓንኛውንና የእንግሊዝኛውን ቃላት በፊደላችን ስንጽፍ አነባበባቸውን ተከትለናል፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሦስቱ ትርጉሞች በሥራ ላይ

ከቀላሉ እንጀምር። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ የቆመ ሰው «ኤስቶይ ኤስፔራንዶ ኤል አውቶቡስ» ይላል። ይህ ያለ ጥርጥር «ዌይት» ነው፤ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው ማለቱ ነው። በሐኪም ቤት በሽተኞች ተራቸው እስኪደርስ የሚቀመጡበት ክፍል «ሳላ ዴ ኤስፔራ» ይባላል። ጓደኛውን ቀድሞ የሄደውንም ሰው ከኋላ ሆኖ «ኤስፔራሜ» ቢለው፣ «ቆየኝ፣ ጠብቀኝ» ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። የታመመ ወዳጁን ሊጠይቅ የሄደ ሰው «ኤስፔሮ ኬ ቴ ሜኾሬስ» ይላል። እንግሊዙ ይህን በ«ሆፕ» ይተረጕመዋል፤ እኛም «እግዜር ይማርህ» ብለን የምንገላገለው ቦታ ነው። ፈተናውን አልፈህ ይሆን ተብሎ የተጠየቀ ተማሪም «ኤስፔሮ ኬ ሲ» ብሎ ይመልሳል፤ እንዳለፍሁ ተስፋ አደርጋለሁ ማለቱ ነው። በዚህ ላይ «ዌይት»ን ብናስገባ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

ሦስተኛው ይሆናል ብሎ መገመት ነው። አንድ ሰው ወዳጁን ባላሰበው ቦታ ሲያገኘው «ኖ ኤስፔራባ ቤርቴ አኪ» ይለዋል፤ እዚህ አገኝሃለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ማለት ነው። የታወቀ ሰነፍ ከፈተና ሲወድቅ ደግሞ «ኤራ ዴ ኤስፔራር» ይባልለታል፤ የሚጠበቅ ነበር ማለት ነው። የነፍሰ ጡርም ነገር ከዚሁ ይመደባል። እስፓንኛ ተናጋሪው «ኤስፔራ ኡን ኒኞ» ሲል ልጅ ትጠብቃለች ማለቱ ነው፤ እንግሊዙ ግን «ኤክስፔክት»ን ብቻ ተናግሮ የሚጠበቀውን ልጅ ሳይጠራው ዝም ሊል ይችላል፤ ሰሚው ይገባዋልና።

«ሆፕ»ን ከ«ኤክስፔክት» የምንለይበት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። የሚጠበቀው ነገር ክፉ ከሆነ «ሆፕ» ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ «ሴ ኤስፔራ ሎ ፔዮር» ማለት ከሁሉ የከፋው ነገር ይጠበቃል ማለት ነው። ጠላት ካልሆነ በቀር ክፉውን ነገር ተስፋ የሚያደርግ የለም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ የጐርፍ፣ የድርቅ ወይም የሞት ወሬ ከሆነ፣ ተርጓሚው ሳያመነታ «ኤክስፔክት»ን ያነሣል።

ለ. የቃሉ ዘር

«ኤስፔራር» የላቲን ልጅ ነው። በላቲን «ስፔራሬ» ማለት ተስፋ ማድረግ ነበር። ከላቲን የወጡት ቋንቋዎች ይህን ቃል እኩል አልተካፈሉትም። ጣልያንኛ «ስፔራሬ»ን ለተስፋ ብቻ አስቀርቶ ለመጠበቅ «አስፔታሬ» የሚል ሌላ ግስ ያዘ። ፈረንሳይኛም እንዲሁ «ኤስፔሬ»ን ለተስፋ፣ «አታንድር»ን ለመጠበቅ አደረገ። እስፓንኛና ፖርቱጋልኛ ግን ሁለቱን ሸክም በአንድ ቃል ጀርባ ላይ ጫኑት። ዶክተር ዛመንሆፍ በ1887 በዋርሶ ያወጣው ሰው ሠራሽ ቋንቋ «ኤስፔራንቶ» የሚል ስም ያገኘው ከዚሁ ዘር ነው፤ ደራሲው ራሱን የሸሸገበት የብዕር ስም ሲሆን ትርጉሙም ተስፋ አድራጊው ማለት ነው። በዚያ ቋንቋ ግን ግሱ ለተስፋ ብቻ ያገለግላል፤ መጠበቅ ሌላ ቃል አለው።

እንግሊዝኛ ከዚህ ዘር ያገኘው ርስት እጅግ ያሳዝናል። ተስፋ ለሚለው የራሱን የጥንት ቃል «ሆፕ»ን ይዞ ቀረና፣ ከላቲኑ «ስፔራሬ» የወረሰው አሉታውን ነው ማለት ይቻላል። «ዴስፔር» እና «ዴስፐሬት» የሚሉት የተስፋ መቍረጥ ቃላት የ«ኤስፔራር» የሥጋ ዘመዶች ናቸው።

ከዚህ ላይ ለእኛ ደስ የሚል ነገር እናገኛለን። የእንግሊዝኛው «ዌይት» ከሰሜን ፈረንሳይ አፍ የገባ ሆኖ ጥንተ ነገሩ ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች ነው። «ዎች» እና «ዌክ» ከሚሉት ቃላት ጋር ይዛመዳል፤ የመጀመሪያ ፍችውም ነቅቶ ማየት፣ ዘብ መቆም ነበር። «ኤክስፔክት»ም ቢሆን በላቲን አሻግሮ መመልከት ከሚለው የመጣ ነው። እንግዲህ የእንግሊዙ መጠበቅ በዐይን የሚደረግ ሥራ ነበር ማለት ነው። የእኛም «ጠበቀ» እንዲሁ ነው። ከብት ጠበቀ፣ በር ጠበቀ፣ እንግዳ ጠበቀ፣ ውጤት ጠበቀ እንላለን። «ጠባቂ»ም «ጠበቃ»ም ከዚሁ ግንድ የተቀጠፉ ናቸው። እስፓንኛ ተናጋሪው ግን አውቶቡሱን እንኳ የሚጠብቅበት ግስ ጥንቱ የልብ እንጂ የዐይን ሥራ አልነበረም።

«ተስፋ» የሚለው ቃላችን ደግሞ ከግእዙ «ተሰፈወ» የመጣ ነው። በግእዝ «ተሰፈወ» ተስፋ አደረገ ማለትም ነው፤ በናፍቆት ጠበቀ ማለትም ነው። ስለዚህ «ኤስፔራር» ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በአያታችን ቤት አንድ ጊዜ ያየነው ሰው ይመስላል።

ሦስቱን ቋንቋዎች አንድ ማሳ እንደ ተካፈሉ ወንድማማቾች ብናስባቸው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። እንግሊዙ ማሳውን በሦስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ አጥር ሠራለት። እኛ በሁለት ከፈልነው፤ «ዌይት» እና «ኤክስፔክት» በ«ጠበቀ» አንድ ላይ ሆነው «ተስፋ» ብቻውን ቀረ። የእስፓንኛው ወንድም አጥር ሳያበጅ ሁሉን አንድ ላይ አረሰው። እንግዲህ ከእኛ አንዱ እስፓንኛ ሲማር የሚቸገርበት ቦታና እንግሊዝ የሚቸገርበት ቦታ አንድ አይደለም ማለት ነው። እንግሊዙ ሁለት አጥር ማፍረስ አለበት፤ እኛ ግን አንድ ብቻ።

ሐ. አገባቡ ይፈርዳል

አጥር የለም ማለት ምልክት የለም ማለት አይደለም። እስፓንኛ ትርጉሞቹን የሚለየው ከግሱ በኋላ በሚመጣው ነገር ነው። ዋና ዋናዎቹን እንደሚከተለው እንዘረዝራለን።

አንደኛ፤ ከግሱ በኋላ የሰው ስም ሲመጣ «ኣ» የምትባል ትንሽ መስተዋድድ በመካከል ትገባለች። «ኤስፔሮ ኣ ሚ ኤርማኖ» ማለት ወንድሜን እጠብቃለሁ ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ «ዌይት» ነው፤ ቀጠሮና ሰዓት ሲጨመርበት ግን «ኤክስፔክት»ም ይሆናል።

ሁለተኛ፤ መስተዋድዱ «ኤን» ከሆነ ትርጉሙ ወደ ተስፋ ይዞራል። «ኤስፔራር ኤን ዲዮስ» ማለት በእግዚአብሔር ተስፋ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፤ መስተዋድዱ «ዴ» ከሆነ ከአንድ ሰው የሚፈለግን ነገር ያመለክታል። «ኤስፔሮ ሙቾ ዴ ቲ» ማለት ከአንተ ብዙ እጠብቃለሁ ማለት ነው። እንግሊዙ በዚህ ላይ «ኤክስፔክት» ይላል፤ አማርኛችንም ሳይቸገር አብሮ ይሄዳል።

አራተኛና ዋነኛው፤ ከግሱ በኋላ ሌላ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲከተል ነው። ይህን ለመረዳት የግእዝ ሰዋስው የተማረ ተማሪ ከሌላው ይቀድማል። በግእዝ ትንቢት አንቀጽና ዘንድ አንቀጽ እንደሚለያዩ እናውቃለን፤ «ይነግር» ሲል ይናገራል ማለት ሲሆን «ይንግር» ሲል ይናገር ዘንድ ማለት ነው። እስፓንኛም ይህን የመሰለ ልዩነት አለው። «ቤንድራ» ማለት ይመጣል፣ «ቤንጋ» ማለት ይመጣ ዘንድ ነው። አሁን ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን እናስተያይ።

«ኤስፔሮ ኬ ቤንጋ» ቢል፣ እንዲመጣ ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ነው፤ «ሆፕ» ይሆናል።
«ኤስፔሮ ኬ ቤንድራ» ቢል፣ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ ማለት ነው፤ ወደ «ኤክስፔክት» ይቀርባል።
«ኤስፔሮ ኣ ኬ ቤንጋ» ቢል፣ እስኪመጣ ድረስ እጠብቃለሁ ማለት ነው፤ «ዌይት» ይሆናል።

ልዩነቱን የፈጠሩት አንዲት «ኣ» እና የአንድ ግስ መልክ ናቸው። ዘንድ አንቀጹ ነገሩን ከምኞት ወገን ሲያደርገው ትንቢት አንቀጹ ከእርግጠኝነት ወገን ያደርገዋል፤ «ኣ» ደግሞ ሰውየውን ከተቀመጠበት እንዳይነሣ ታደርገዋለች። ቃሉ ሳይለወጥ ሰውየው ተለወጠ ማለት ነው። እንግዲህ የአንድን ቃል ትርጉሞች በተርታ መሸምደድ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ አራተኛው ሕግ እንደ ብረት የጠነከረ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ዘንድ አንቀጹ ተስፋን ብቻ ሳይሆን «ኤክስፔክት»ንም ሊሸከም ይችላል። አገባቡ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ የተርጓሚውም ፈተና የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መ. ልመና ነው ወይስ ትእዛዝ?

አንድ ነጋዴ ለተበዳሪው «ኤስፔራሞስ ኬ ፓጌ ኤል ሉኔስ» ብሎ ጻፈ እንበል። ሰኞ እንዲከፍሉ፣ ይላል፤ ግን ምን? ተርጓሚው «ሆፕ» ካለ፣ ሰኞ ይከፍሉናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን የሚል ትሕትና ያለበት ልመና ሆነ። «ኤክስፔክት» ካለ ግን፣ ሰኞ እንዲከፍሉ እንጠብቃለን የሚል፣ ከኋላው ክስና ጠበቃ የቆሙበት ማስጠንቀቂያ ሆነ። የእስፓንኛው ደብዳቤ ሁለቱንም በአንድ ፊት ይዟል። ጸሓፊው ምናልባት ሆን ብሎ እንዲህ አድርጎት ይሆናል፤ ጨዋነትንና ማስፈራራትን በአንድ ቃል መጠቅለል የነጋዴ ብልኀት ነውና። ተርጓሚው ግን አንዱን ከመምረጥ አያመልጥም።

የዚህን ምርጫ ክብደት የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በጥቅምት 21 ቀን 1805 በእስፓኝ ዳርቻ በትራፋልጋር የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከፈረንሳይና ከእስፓኝ ኅብር ጦር ጋር ሊገጥሙ ሲሉ፣ አድሚራል ኔልሰን ለመርከቦቹ ሁሉ በሰንደቅ ምልክት አንድ መልእክት አስተላለፈ። ቃሉም፣ እያንዳንዱ ሰው ግዴታውን እንዲፈጽም እንግሊዝ ትጠብቃለች የሚል ነበር። ኔልሰን በመጀመሪያ የፈለገው፣ እንግሊዝ ትተማመናለች የሚል ትርጉም ያለውን «ኮንፋይድስ» የሚለውን ቃል ነበር። የምልክት ሹሙ መኰንን ፓስኮ ግን «ኤክስፔክትስ» በምልክት መጽሐፉ ውስጥ ራሱን የቻለ ምልክት ስላለው፣ የመጀመሪያው ግን በፊደል በፊደል መነገር ስለሚያስፈልገው፣ ጊዜ ለማዳን እንዲለወጥ ጠየቀ። ኔልሰንም ፈቀደ። እንዲህ ሆኖ የመተማመን ቃል በግዴታ ቃል ተተካ፤ ምክንያቱም የሰንደቆች ቍጥር ነበር። ኔልሰን በዚያው ቀን ሞተ፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አሁን ይህን መልእክት ወደ እስፓንኛ እንመልሰው። «ኢንግላቴራ ኤስፔራ» ብሎ መጀመር ግድ ነው። ቀጥሎ ያለው «ኩምፕላ» ማለትም ይፈጽም ዘንድ ከሆነ፣ እንግሊዝ ልጆቿ ግዴታቸውን እንዲፈጽሙ ተስፋ ታደርጋለች ተብሎም ሊነበብ ይችላል። «ኩምፕሊራ» ማለትም ይፈጽማል ከሆነ፣ የእርግጠኝነቱ ድምፅ ይጐላል። በእንግሊዝኛ እንደ አለቃ የምትናገረው አገር በእስፓንኛ እንደ እናት ልትሰማ ትችላለች። በዚያ ቀን ከእንግሊዞች ፊት ከተሰለፉት 33 ታላላቅ መርከቦች 15ቱ የእስፓኝ ነበሩ፤ መልእክቱን በቋንቋቸው ቢሰሙት ኖሮ ትእዛዝ ይሁን ጸሎት ለመለየት ቆም ብለው ማሰብ ባስፈለጋቸው ነበር።

ሠ. ተስፋ በቍጥር ሲጻፍ

ይህ ቃል ከሥነ ጽሑፍ ወጥቶ በሳይንስ ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደብተር ውስጥም ገብቷል። እንግሊዝኛው «ላይፍ ኤክስፔክታንሲ» የሚለውን የሕዝብ ጤና መለኪያ እስፓንኛ «ኤስፔራንሳ ዴ ቢዳ» ይለዋል፤ ቃል በቃል የሕይወት ተስፋ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ «የዕድሜ ጣሪያ» ሲባል እንሰማለን። አንዱ ይገምታል፣ አንዱ ተስፋ ያደርጋል፣ እኛ ቤት እንሠራለን።

ከሦስቱ የትኛው ለእውነቱ ይቀርባል? መለኪያው የሚነግረን፣ ዛሬ የተወለደ ሕፃን በየዕድሜው የሚያገኘው የሞት መጠን የዛሬው ቢሆን በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚኖር ነው። አማካይ ስለሆነም ጣሪያ አይደለም፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። በአንድ አገር ቍጥሩ ዝቅ ቢል ሽማግሌ የለም ማለት ሳይሆን ምናልባት ሕፃናት በብዛት ይሞታሉ ማለት ነው። «ጣሪያ» የሚለው ቃላችን ይህን ስሕተት ይጋብዛል። የእስፓንኛውም «ተስፋ» በበኩሉ ቍጥሩን የምኞት መልክ ይሰጠዋል፤ ሰው ተስፋ የሚያደርገው ግን አማካዩን ሳይሆን ረዥሙን ዕድሜ ነው።

በሒሳብም እንዲሁ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በዕድል ጨዋታ ሒሳብ ላይ የጻፈው ድርሰት በ1657 በላቲን ሲታተም «ኤክስፔክታስዮ» የሚለው ቃል ገባበት፤ እንግሊዝኛውም ይህን ተከተለ። ፈረንሳይኛና እስፓንኛ ግን የተስፋን ቃል መረጡና «ኤስፔራንሳ ማቴማቲካ» ማለትም የሒሳብ ተስፋ አሉት። ስድስት ገጽ ያለው ዳይስ አንድ ጊዜ ሲጣል ይህ «ተስፋ» 3.5 ነው። እንግዲህ በዳይሱ ላይ 3.5 የሚል ገጽ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ከቶ የማይወጣ ቍጥር ተስፋ ተባለ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ያገራችን ሰው ይህን ሳያጠና ደርሶበታል።

ረ. በድርሰት ውስጥ

ወደ ሥነ ጽሑፍ እንመለስ። ሳሙኤል ቤኬት በፈረንሳይኛ የጻፈው፣ በጥር 1953 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቴአትር ሁለት ሰዎች ጎዶ የሚባል የማይመጣ ሰው ሲጠብቁ የሚያሳይ ነው። ደራሲው ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው በርእሱ ላይ «ዌይት»ን አኖረ። የእስፓንኛው ርእስ «ኤስፔራንዶ ኣ ጎዶ» ነው። ከላይ እንዳየነው «ኣ» ከሰው ስም ጋር ስለመጣች፣ እስፓንኛ ተናጋሪው አስቀድሞ የሚሰማው መጠበቅን ነው። ነገር ግን የተስፋው ዘር ከግሱ ሥር አልተነቀለም። እንግሊዛዊው ተመልካች፣ እነዚህ ሰዎች የሚጠብቁት ተስፋ ስላላቸው ነው ወይስ መሄጃ ስለሌላቸው? ብሎ ለመጠየቅ ቴአትሩን ማየት አለበት። እስፓንኛ ተናጋሪው ጥያቄውን ከርእሱ ላይ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የኮሎምቢያው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬስ በ1961 በመጽሐፍ ያወጣው፣ በእንግሊዝኛም በ1968 የታተመው፣ ለኮሎኔሉ ደብዳቤ የሚጽፍለት አጣ የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው አጭር ልብ ወለድ ነው። ሽማግሌው ኮሎኔል በወጣትነቱ በእርስ በርስ ጦርነት ዘምቷል፤ የተገባለትን የጡረታ አበል የሚያስታውቀውን ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት ይጠብቃል። የፖስታ ጀልባ በምትመጣበት በየዓርቡ ወደ ወደቡ ይወርዳል፤ ባዶ እጁንም ይመለሳል። ይህን ሰው የሚገልጸው ግስ «ኤስፔራር» ነው። «ዌይት» ብንለው በወንበር ላይ የተረሳ ሽማግሌ ይሆናል። «ሆፕ» ብንለው የዋህ ይሆናል። «ኤክስፔክት» ብንለው መብቱን የሚያውቅ ባለዕዳ አስከፋይ ይሆናል። ኮሎኔሉ ግን ሦስቱንም ነው፤ የመጽሐፉም ኀዘን ከዚህ ይመነጫል። በእንግሊዝኛ የምናነበው እኛ፣ ተርጓሚው ከቃሉ ላይ የተዉትን ሁለቱን በሰውየው እግር ላይ መፈለግ አለብን። በየዓርቡ ወደ ወደብ የሚወርድ እግር ተስፋ ያለው እግር ነው።

እስፓንኛ ተናጋሪዎች «ኬን ኤስፔራ፣ ዴሴስፔራ» የሚሉት ምሳሌ አላቸው። የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ተስፋ ይቈርጣል ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ ግን ሌላ ቅኔ ተሸሽጓል፤ ሁለተኛው ግስ የመጀመሪያው አፍራሽ ስለሆነ፣ ተስፋ ያደረገ ተስፋውን ያጣል የሚለውም አብሮ ይሰማል። «ዌይት» ብሎ የተረጐመ ሰሙን ያገኝና ወርቁን ይጥላል። «ሆፕ» ብሎ የተረጐመ ወርቁን ያገኝና ሰሙን ይጥላል። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህ ችግር እንዴት ያለ እንደሆነ ሳንነግረው ያውቀዋል።

ሰ. በቃል ሕዝብ አይመዘንም

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አደገኛ መደምደሚያ ይመጣል። እነዚህ ሕዝቦች መጠበቅንና ተስፋን የማይለዩ ስለሆኑ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው መልካም ቀን የሚናፍቁ ናቸው የሚል ሰው አይጠፋም። ስለ ሌሎችም ሕዝቦች ከመዝገበ ቃላት ላይ እየተለቀመ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን።

ፍርዱ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ነገር፣ እስፓንኛ ለመጠበቅ ብቻ የሚያገለግል «አግዋርዳር» የሚል ሌላ ግስ አለው። የመጣውም «ግዋርዳር» ከሚለው፣ ማለትም ጠበቀ፣ አኖረ፣ ዘብ ቆመ ከሚለው ነው፤ የእኛ «ጠበቀ» መንትያ ይመስላል። ቃሉ እያላቸው «ኤስፔራር»ን ለሁሉም ማዋላቸው ልማድ እንጂ ድህነት አይደለም። ሁለተኛ፣ በአገባቡ ላይ እንዳየነው፣ እንግሊዙ በሦስት ቃላት የሚለየውን እነርሱ በመስተዋድድና በአንቀጽ ይለያሉ። ሦስተኛ፣ በዚህ መንገድ ሕዝብ የሚፈረድበት ከሆነ እኛም አናመልጥም። መጠበቅንና ዘብ መቆምን በአንድ ቃል ስለምንጠራ እንግዳውን ሁሉ እንደ እስረኛ እንጠብቃለን ልንባል ነው። ይህን የሚል ቢመጣ እንስቅበታለን፤ በሌላው ላይ ሲባልም እንዲሁ መሳቅ ይገባናል።

ስለዚህ አንድ ቃል ብዙ ትርጉም አለው ስንባል፣ ቃሉ የተምታታ ነው ብለን አንደምድም። ቃሉ በራሱ ቋንቋ ውስጥ ሙሉ ነው፤ የተከፋፈለው ወደ እኛ ሲሻገር ነው። በትርጉም የምናነብም፣ ራሳችን የምንተረጕምም፣ ከዐረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከግሱ በኋላ ምን መጣ? የሚጠበቀው ነገር በጎ ነው ወይስ ክፉ? ተናጋሪው በሚጠበቀው ሰው ላይ ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? ብዙ ጊዜ መልሱ ከነዚህ ይገኛል።

ለመለማመጃ ያህል ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ትተን እንሰናበታለን። የመጀመሪያው «ኤስፔራሜ ኤን ላ ፑዌርታ» ነው፤ በር ላይ ጠብቀኝ ማለት ስለሆነ «ዌይት» ነው። ሁለተኛው «ኤስፔሮ ኬ ቴ ጉስቴ» ነው፤ ደስ እንዲልህ ተስፋ አደርጋለሁ ማለት ስለሆነ «ሆፕ» ነው። ሦስተኛው «ሎ ኬ ኤል ፑዌብሎ ኤስፔራ ዴ ሎስ ኤስቱዲያንቴስ» ነው፤ ሕዝቡ ከተማሪዎች የሚ... እዚህ ላይ «ዴ» ስላለች ሕጋችን «የሚጠብቀው» እንድንል ያዘናል። ነገር ግን «ተስፋ የሚያደርገው» ቢባልም አገባቡ አይከለክልም። የሚጠብቅ ሕዝብ ዕዳ አለብን ይላል፤ ተስፋ የሚያደርግ ሕዝብ ግን ዕዳውን ባንከፍልም ገና አልተወንም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚስማማ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ይተርጕመው።